በሰው አፍ የመጣችው እናቴ

እናቴ በሞተች በሁለተኛው ዓመት በቴሌቪዥን ዘፈነች። ነገሩን እንዲህ አድርጌ ስጀምረው ሰው ቀልድ መስሎት ፈገግ ብሎ ይጠብቀኛል። ቀልድ አይደለም። ዘመኑ ሰባ ዘጠኝ፣ ወሩ ሐምሌ፣ ቦታው ናይሮቢ ፓርክላንድስ፣ የጋሽ ታዲዮስ ሳሎን ነው። እኔ ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ የሞተ ሰው እንደማይዘፍን ለማወቅ ደግሞ ሰባት ዓመት ይበቃል።

እናቴ የውብዳር ትባላለች። ጌታን ከመቀበሏ በፊት አዲስ አበባ በከፍተኛችን የኪነት ቡድን ውስጥ ትዘፍን ነበር። ከተቀበለች በኋላ ግን ለጌታ እዘምራለሁ እንጂ ከእንግዲህ ዘፈን የሚባል አልዘፍንም ብላ መድረኩን ተወች። እሷ ተወቻቸው እንጂ እነሱ አልተዋትም። ጴንጤ መሆን ብቻውን በሚያሳስርበት ጊዜ፣ አብዮቱን አላወድስም ያለች ጴንጤ ምን እንደሚጠብቃት የታወቀ ነው። አንድ ቀን መጥተው ከቤት ወሰዷት፤ አባቴም ወር ሳይሞላ እኔን ይዞ በሞያሌ በኩል ወጣ። አባቴ ዘርይሁን ይባላል። ናይሮቢ ከገባን ጀምሮ ኢምባካሲ፣ አንድ የካርጎ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያወርድና ሲጭን ይውላል።

ከእናቴ የቀረን አንድ ካሴት ነበር። ጓዳ ውስጥ፣ በር ተዘግቶ የተቀዳ መዝሙር ነው፤ ከጀርባ የጎረቤት ውሻ ሲጮኽ ይሰማል። በጋሽ ታዲዮስ ቤት የሚሰበሰበው ጉባኤያችን በየእሑዱ ያን ካሴት ሳይሰማ ስብከት አይጀምርም። ስለዚህ እዚያ የሚመጣው ሰው ሁሉ ድምፅዋን አጥርቶ ያውቀዋል። እኔ መልኳን ረስቼው ነበር። ድምፅዋን ግን አልረሳሁም፤ ልርሳው ብልም በየሳምንቱ ያስታውሱኛል።

ኢስትሊ ሱቅ ያለው ኑሬ የሚባል ነጋዴ ነው መርዶውን ያመጣው። ሞያሌ ላይ ያገኘው ከእስር የተፈታ ሰው፣ የውብዳር እዚያው እስር ቤት ታማ ማረፏን ነገረው። ለቅሶ ተቀመጥን። አባቴ ሲያለቅስ ድምፅ አያወጣም፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል፤ እኔም በርዶት መስሎኝ ጋቢ አመጣሁለት። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ጋሽ ታዲዮስ በስብከታቸው ሁሉ እናቴን "ሰማዕቷ እኅታችን" ይሏት ጀመር። ሰማዕት ለእኔ የሥራ ዓይነት ይመስለኝ ነበር፤ አንዱ ነርስ ይሆናል፣ አንዱ መምህር ይሆናል፣ አንዱ ሰማዕት ይሆናል።

ከዚያ አስካለ መጣች። አስካለ የጉባኤያችን ሰው ናት፤ ዌስትላንድስ፣ አንድ ህንዳዊ ልብስ ሰፊ ዘንድ ትሠራለች። ሠላሳ ዓመት አልፏት ሳታገባ የቆየች፣ ቀስ ብላ የምትናገር፣ ጠጉሬን ስትሠራኝ የማታሳምመኝ ብቸኛ ሰው ነበረች። ሽማግሌዎቹ ዘርይሁን ልጅ ይዞ ብቻውን አይኑር ብለው ተነጋገሩና ሁለቱን አስማሙ። በጉባኤያችን ደንብ ጋብቻ ሊፈጸም ሲል ሦስት እሑድ ይታወጃል፤ በእያንዳንዱም እሑድ ተቃውሞ ያለው ሰው ካለ ይጠየቃል። ሁለቱ እሑድ አልፏል፣ ሰው ሁሉ ዝም ብሏል። እኔ ግን አስካለን ጠልቻት ነበር። ምንም አላደረገችኝም፤ የጠላኋትም ምንም ስላላደረገችኝ ይመስለኛል።

በሦስተኛው እሑድ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጋሽ ታዲዮስ ለሙሽሮቹ ምሳ አበሉ። ያን ቀን ደግሞ የአፍሪካ አገሮች የዘፈን ውድድር እዚያው ናይሮቢ ተዘጋጅቶ በቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር። ኢትዮጵያም ዘፋኟን ልካለች። ዘፈን ኃጢአት ነው እያሉ የሚያስተምሩት ጋሽ ታዲዮስ ቴሌቪዥኑን ራሳቸው ከፍተው፣ የምናየው አገራችንን ነው እንጂ ዘፈኑን አይደለም አሉ። በዚህ የተከራከራቸው ሰው አልነበረም። ምስሉ እንዲጠራ መጋረጃው ተዘጋ፤ ሰው ሻዩን ይዞ ተደረደረ። ሳሎኑ ጨለምለም አለ፤ ሐምሌ ናይሮቢ ይበርዳል።

አንድ ሁለት አገሮች ዘፍነው ካለፉ በኋላ የኢትዮጵያ ስም ተጠራ። ነጭ የአገር ልብስ የለበሰች ቆንጆ ሴት ወጣች። የሺወርቅ የምትባል ናት። ማይክሮፎኑን ያዘችና አፏን ከፈተች።

ከአፏ የወጣው የእናቴ ድምፅ ነበር።

ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ማላመጥ አቆሙ። ሴትየዋ ፈገግ እያለች እጇን ታወዛውዛለች፣ ድምፁ ግን ፈገግ አይልም። ከንፈሯም ከድምፁ ትንሽ ወደኋላ ይቀራል፤ ቃሉ ይመጣና ከንፈሯ ይከተለዋል። ዘፈኑ የተበተኑ ልጆቿን ስለምትጣራ አገር ነው። ይህን አሁን ነው የማውቀው። ያኔ የገባኝ፣ አንዲት እናት ልጇን የት ነሽ እያለች እንደምትፈልግና ያቺም ልጅ እኔ እንደሆንኩ ብቻ ነው። እዚህ ነኝ ልላት ፈለግሁ።

ጋሽ ታዲዮስ ተነሡ። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

"ድምፁ የእኅታችን ነው፣ እሷ ግን አይደለችም" አሉ። "እሷ ሞታለች። በሕይወት ሳለችም ዘፈን አልዘፍንም ብላ ነው የታሰረችው። ይህ አሳሳች መንፈስ ነው።"

ሰው ሁሉ ያመናቸው ወዲያው ነው። ዛሬ ስናገረው የሚያስቅ ይመስላል፤ እዚያ ሳሎን ውስጥ ግን የሳቀ የለም። የሞተች ሰው፣ የማትዘፍን ሰው፣ በሌላ ሴት አፍ ስትዘፍን ላየነው ነገር ሌላ ስም አልነበረንም። ወንዶቹ ተነሥተው ቴሌቪዥኑ ላይ እጃቸውን ጫኑ፤ ሴቶቹ ከኋላ ቆመው ይጸልዩ ጀመር። በኢየሱስ ስም ውጣ እያሉ ይጮኻሉ፤ ከእጆቻቸው ሥር እናቴ መጣራቷን አላቋረጠችም። ከዚያ በድንገት ቤቱ ጨለመ። ምስሉ ተሰብስቦ አንዲት ነጭ ነጥብ ሆነና እሷም ጠፋች።

"ስቲማ ነው፣ መብራት ሄዶ ነው" አለ አንድ ልጅ። ትልልቆቹ ግን ሃሌሉያ አሉ።

እኔ አልጮኽኩም፣ አላለቀስኩም። የገባኝ ነገር ስለነበረ ነው። እናቴ እኔን ፍለጋ በዚያች ሴትዮ አፍ በኩል ያን ሁሉ መንገድ መጣች፤ እነሱ ደግሞ እጃቸውን ጭነው እንደገና ገደሏት። መብራቱ ተመልሶ ሲበራ ሌላ ሴት፣ የሌላ አገር ሴት፣ ትዘፍን ነበር። አባቴ ኮሪደሩ በር ላይ ቆሟል። አስካለ እሱን ታያለች።

በማግስቱ እሑድ ካሴቱ አልተሰማም። ማስታወቂያውም ለሳምንት ተላለፈ፤ ጋሽ ታዲዮስ ከምንም በፊት ቤቱ በጸሎት ይጥራ አሉ። እኔ ያን ጊዜ ሁሉ ፊቴን ወደ ጠፋው ቴሌቪዥን አድርጌ ተቀመጥኩ። ጥቁሩ መስታወት ውስጥ አንዲት ትንሽ ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ስነቃነቅ ትነቃነቃለች፤ ዝም ስል ዝም ትላለች። ራሴ መሆኔን አውቃለሁ። ግን ከኋላዋ፣ ከጨለማው ውስጥ፣ ሌላ ሰው የቆመ ይመስለኝና ዞር ብዬ ለማየት አልደፍርም ነበር።

ሰኞ አስካለ ትምህርት ቤት መጥታ ወሰደችኝ። ወዴት እንደምንሄድ አልነገረችኝም። የክር ሣጥኗን ይዛለች። ዌስትላንድስ፣ የውድድሩ እንግዶች ያረፉበት ሆቴል በር ላይ ለዘበኛው ፉንዲ ነኝ፣ ልብስ ሰፊ፣ ቀሚስ ለማስተካከል ተጠርቼ ነው አለችው። ፎቅ ላይ፣ ኮሪደሩ ውስጥ፣ ኮት የለበሰ ኢትዮጵያዊ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። እኔን አየ፣ ሣጥኑን አየ፣ ወደ ጋዜጣው ተመለሰ። አስካለ እጄን አጥብቃ ይዛ ስለነበር ላቧ ይሰማኛል። የእኛ ሰዎች የኤምባሲ ሰው የሚባል ነገር ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ፤ እሷ ልጅ ይዛ እፊታቸው የገባችው ልጅ የያዘች ሴት ስለማትጠረጠር ነው። ይህን ኋላ ራሷ ነገረችኝ። ያኔ ግን የመሰለኝ፣ የእናቴ መንፈስ ሰርጓን እንዳያበላሽባት ለሴትየዋ አደራ ልትል የመጣች ነው።

የሺወርቅ በቅርብ ስትታይ ጉንፋን የያዛት፣ ደከም ያለች ልጅ ነበረች። ልብስ ሰፊ አልጠራችም፤ ግን የቀሚሷ ጫፍ ተፈትቶ ኖሮ ደስ ብሏት ቆመች። አስካለ ተንበርክካ መስፋት ጀመረች። እኔ የሴትየዋን ጉሮሮ አየሁ። ከፍ ዝቅ ይላል።

"እኅቴ" አለች አስካለ አንገቷን ሳታቀና። "ቅዳሜ የሰማነው ድምፅ ያንቺ አይደለም። የድምፁ ባለቤት መቼ ነው የቀዳችው?"

ሴትየዋ አንድ እርምጃ ሸሸች። "ማነሽ አንቺ?"

"ባሏን ላገባ የተዘጋጀሁ ሰው ነኝ። ይህቺ ልጇ ናት። ሞታለች ተብለን ነው።"

የሺወርቅ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ሄዳ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ከፈተችና ውሃው እየጮኸ መጣች።

"ፋሲካ ሰሞን ከእስር ቤት በመኪና አመጧት" አለች በሹክሹክታ። "ስቱዲዮ ውስጥ ነበርኩ፣ በዓይኔ አይቻታለሁ። ድምፅዋን ወሰዱና እሷን መለሷት። እኔ መድረክ ላይ አፌን ብቻ ነው ያንቀሳቀስኩት።"

"ደህና ናት?"

"ከስታለች። ግን ቆማ ነው የዘፈነችው።"

አሁን ነገሩ ግልጽ ነው። በዚያ ውድድር ሁሉም አገር ዘፈኑን በቴፕ ቀድቶ ያመጣል፤ መድረኩ ላይ ቴፑ ይከፈትና የቆመው ሰው አፉን ከድምፁ ጋር ያስኬዳል። ዜማው የሚፈልገው ድምፅ እስር ቤት ነበር። ጴንጤ እስረኛ ወደ ውጭ አትላክም፤ ስለዚህ ድምፅዋ ሄደ፣ ለመልክ ደግሞ ሌላ ሴት ተላከች። እኔ ግን የሰማሁት ድምፅዋን ወሰዱ የሚለውን ነው። እንደ ጥርስ ነቅለው የወሰዱት መሰለኝ። ወደ ሴትየዋ ተጠግቼ የእናቴን ድምፅ ስጪኝ አልኳት። ቁጢጥ ብላ፣ እኔ ዘንድ የለም አለችኝ፤ ድምፅዋ ሻካራ ነበር፣ የማንንም አይመስልም። ይኸውና፣ አልኩ በልቤ፣ ቅዳሜ ጨርሰዋታል።

ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ተመለስን። ከወረድን በኋላ አስካለ ማንዳዚ፣ የእነሱን ቦምቦሊኖ፣ ገዛችልኝና፣ ዛሬ የሰማሽውን ለአባትሽ እንዳትነግሪው፣ የምናገረው እኔ ነኝ አለችኝ። አልተናገረችም። ሳምንቱን ሙሉ ቤታችን እየመጣች ለአባቴ እራት ታቀርብለታለች፣ ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች፣ ትጠብቃለች። እሱ ይበላና ያመሰግናል። ማታ ማታ ነጭ ቀሚሷን ትሰፋ ነበር። ለአስካለ የነበረኝ ጥላቻ ያን ሳምንት አደገ፤ የእናቴን ምስጢር ደብቃ ለራሷ የሰርግ ልብስ የምትሰፋ ሴት አድርጌ ነበር የማያት።

ካደግሁ በኋላ ሞምባሳ፣ የራሷ የልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ቁጭ ብለን ስለዚያ ሳምንት ጠየቅኋት። ቀሚሱን ለምን እንደሰፋችው ስጠይቃት፣ እጄ ሥራ ካልያዘ እጮኻለሁ ብዬ ፈርቼ ነው አለች። ዝም ብትይ ማን ያውቅ ነበር አልኳት። "ማንም" አለች። "በየቀኑ ይህን አስበው ነበር። ወድጄው ነበራ። ግን እሱ ድምፅዋን እንዳወቀው አውቃለሁ። እሱ ራሱ እንዲናገር ነው የጠበቅሁት።"

እሑድ ሆነ። ሰው ከወትሮው በዝቶ መጣ። ጋሽ ታዲዮስ ሦስተኛውን ማስታወቂያ አነበቡ፤ ወንድማችን ዘርይሁንና እኅታችን አስካለ አሉ፤ ተቃውሞ ያለው ሰው ካለ ዛሬ ይናገር፣ ከዛሬ በኋላ ዝም ይበል አሉ። እንደ ወጉ ትንሽ ጠበቁና መጽሐፋቸውን ሊገልጡ ሲሉ፣ ከፊት ወንበር እጅ ተነሣ። የአስካለ ነው። ሰዎች ለምስጋና የተነሣች መስሏቸው ፈገግ አሉ።

"እኔ ተቃውሞ አለኝ" አለች። "ሚስቱ አልሞተችም።"

ከዚያ እንደ ወትሮዋ ቀስ ብላ፣ ሆቴሉን፣ ሴትየዋን፣ ፋሲካን፣ መኪናውን ተናገረች። ጋሽ ታዲዮስ መጀመሪያ የጠየቁት በሕይወት አለች ወይ ብለው አይደለም። ዘፈን ዘፍናለች ማለት ነው? አሉ።

"ዘፍናለች" አለች አስካለ። "በሕይወትም አለች።"

ጋሽ ታዲዮስ ወደ አባቴ ዞሩ። "አንተስ ዘርይሁን? ድምፅዋን አላወቅኸውም ነበር?"

አባቴ ከወንበሩ አልተነሣም። "ገና በመጀመሪያው ቃል አውቄዋለሁ" አለ። "እናንተ ስትጸልዩ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆጣሪውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

እኔ ከዚያ ሁሉ ነገር የያዝኩት ይህን ብቻ ነው። የገደላት ጸሎቱ አልነበረም፣ አባቴ ነው። ትልልቆቹ በሕይወት አለች ሲሉ ልጅ ለማጽናናት የሚባል ነገር መሰለኝ። ለወራት እሱ በክፍሉ ውስጥ እያለ መተኛት እምቢ አልኩ፤ እጁ ወደ ማጥፊያው ሲሄድ ባየሁ ቁጥር ሮጬ እወጣ ነበር። እሱም አንድ ቀን አልተቆጣኝም። ለምን እንዳደረገው የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ያውም ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ። አልቅሼ ጨርሼ ነበር፣ እንደገና የምጀምርበት ጉልበት አልነበረኝም አለኝ። ይህን ሲለኝ አዘንኩለት።

አስካለ ያ ወር ሳይወጣ ሞምባሳ ሄደች። አባቴ ጠበቀ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ አገር ቤት እስረኛ መፍታት ሲጀምሩ፣ አንዲት ቀጭን ሴት ከሞያሌ አውቶቡስ ወረደች። ሁለት ጥርስ የላትም። አባቴ እግሯ ላይ ወደቀ። እኔ አልቀረብኳትም። የሞተች ሰው ልብስ አቧራ ይዞ እንደሚመጣ አላውቅም ነበርና፣ መጀመሪያ ጫማዋን አየሁ፤ እውነተኛ አቧራ ነበረበት። ድምፅዋ ተሰብሮ ስለነበር ሠርክ ብላ በስሜ ስትጠራኝ የካሴቷ ሴት አልመሰለችኝም። በሞቷ ሰማዕት ያሏት ጋሽ ታዲዮስ በሕይወት ስትመጣ፣ ስለ ዘፈኑ ንስሐ ግቢ ብለው ለወራት ከጌታ እራት አገዷት። አልተከራከረቻቸውም።

በመጣች ማግስት ጠዋት ሦስታችን ሻይ ይዘን ተቀመጥን። እኔ ከአባቴ ጎን ነበርኩ። ያለ ምንም መግቢያ ነገሩን ጀመረችው። መጀመሪያ ሲመጡ እምቢ ብላቸዋለች። ኋላ አንዱ፣ በኪነት ጊዜ የሚያውቃት ሰው፣ ውድድሩ ናይሮቢ እንደሆነና በቴሌቪዥን እንደሚታይ ነገራት። ናይሮቢ መግባታችንን በሰው በሰው ሰምታ ነበር።

"ለጌታ ብዬ የተውኩትን ለእናንተ ብዬ አደረግሁት" አለች። "እንዳለሁ እንድታውቁ። ሰማችሁኝ?"

"ሰማንሽ" አለ አባቴ።

"እስከ መጨረሻው?"

አባቴ ሲኒውን አስቀመጠ። "እስከ መጨረሻው" አለ።

እናቴ ፊቷ በራ። ዞራ እኔን አየችኝ። "መጨረሻው ላይ ግጥሙ ካለቀ በኋላ ትንሽ ላንጎራጉር ብዬ ለምኜ ፈቅደውልኝ ነበር" አለችኝ። "እሷን ላንቺ ነው ያደረግኋት። አወቅሻት?"

አባቴን አየሁት። እሱ መሬት መሬቱን ያያል።

"አወቅኋት" አልኳት።

እናቴ አሁን ሰባ ሊሞላት ነው። ያ ቴፕ የት እንደገባ የሚያውቅ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም። ምን እንዳንጎራጎረችልኝ እሷን ብጠይቃት በተሰበረ ድምፅዋም ቢሆን ታሰማኛለች። ከጠየቅኋት ግን ያን ቀን እስከ መጨረሻው እንዳልሰማናት ታውቃለች፤ ስለዚህ አልጠየቅኋትም።